«ጤዛ» ወደ ቤት ሲገባ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን ገና በገባበት ዘመን፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበረ በብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። እኛም ይህን በተማሪነታችን ጊዜ ባነበብን ቀን በአባቶቻችን የዋህነት ስቀን ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ ለመሳቅ አይዳዳንም። በአጠገቡ የሌለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ፥ ሲስቅና ሲያለቅስ አይቶ የደነገጠ ሰው ከነገሩ አንድ ፍሬ ሳይጨብጥ አልቀረም ብለን እናምናለን። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ የሥነ ጥበብ ሊቅም አይደለም፤ በድብ ባሕር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አክስታችን ናቸው።

ድብ ባሕርን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ልንመራው ይገባናል። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ይደርሳል፤ ገብስ የሚበቅልበት፥ ሰው ከጋቢው የማይለይበት ብርዳም ደጋ ነው። ከደባርቅ ጥቂት ወጣ እንዳለ፥ ወልከፊት በተባለው ቦታ ላይ ምድር በድንገት ታልቅበታለች፤ ከእግሩ በታች ገደል፥ ከገደሉም በታች ሌላ አገር ያያል። በጣልያን ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ያንን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። መኪናው በወረደ ቁጥር የተሳፋሪው ጆሮ ይደፈናል፤ ካፖርት ለብሶ የመጣውም ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ድብ ባሕር ያለው በዚያ ቁልቁለት ግርጌ፥ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስሙን ሰምቶ ባሕር የሚፈልግ እንግዳ የሚያገኘው ባሕር በክረምት ከላይ የሚወርደውን ጉም ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ነጋዴ እንደሚመላለስበት ሁሉ ጦርም ተመላልሶበታል። በወልከፊት መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ የጎንደርም ምሽግ ከሁለት ወር በኋላ በኅዳር ወደቀ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ዘመን ሲቆጥሩ፥ በዚህ ቁልቁለት የወጣውንና የወረደውን ጦር እየጠቀሱ ነው የሚቆጥሩት። «አንተ የተወለድህ የእገሌ ጦር ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ነው» ቢባል የሚደንቀው ሰው የለም። እንግዲህ ስለ ጦርነት የተሠራ ፊልም በሲዲ ሆኖ ወደ ድብ ባሕር ቤት ሲገባ እንደ እንግዳ አይገባም፤ እንደ ዘመድ ነው የሚገባው፤ ዘመድ ደግሞ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ይዞ አይመጣም።

የምንናገርለት ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1946 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተወለዱ፥ በአሜሪካም በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዘመን የፊልም ጥበብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለ ጎንደር አርበኞች የሚተርከው «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለው መጽሐፍም የእሳቸው ሥራ ነው። ልጅየው የአባታቸውን ሥራ ከብራና ወደ ፊልም አሻገሩት ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። «ጤዛ» ገንዘብ ሲፈለግለት ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ ቀርቦ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አገኘ፤ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ በሚደረገው በታላቁ የአፍሪካ የፊልም በዓል አንደኛውን ሽልማት፥ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ ወሰደ።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገረው። አንበርብር የተባለ የጣና አካባቢ ተወላጅ ሕክምና ሊማር ወደ ጀርመን አገር ይሄዳል። እዚያም የአብዮት ወሬ ከሚያሳብዳቸው ጓደኞቹ ጋር ይውላል። በደርግ ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ወዳጁ ተስፋዬ በሰዎች እጅ ሲሞት ያያል፤ እንደ ገና ጀርመን ሄዶ ጥቁርን የሚጠሉ ወጣቶች ጥቃት ይደርስበትና አንድ እግሩን ያጣል። ከዚያ በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። መንደሩ ግን እሱ የተወው መንደር አይደለም። ጦርነቱ ሰው ሲያልቅበት ወደ ልጆች መጥቷል፤ የመንደሩ ወንዶች ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው በዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ፊልሙ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከፊትና ከኋላ እየተዘለለ ስለሚተረክ ያልለመደውን ተመልካች ያደናግራል። በጀርመን አገር የሚሆነው ክፍል እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚጎተትበት ቦታ አለው ብንል ወዳጆቹ አይቀየሙን። መንደሩ ሲመጣ ግን እስትንፋስ አለው።

እኛ ይህን ፊልም አስቀድመን ያየነው በአዲስ አበባ፥ በአዳራሽ ነው። እውነቱን ለመናገር አልቅሰናል። በጨለማ ውስጥ ስለ ነበረ ማንም አላየንም፤ በአጠገባችንም የነበረው ሰው ሲያለቅስ እኛ እንዳላየነው ሆነናል። መብራት ሲበራ ሁላችንም ፊታችንን አባብሰን ወጣን። ከዚያም ወዳጆቻችንን ይዘን አንድ ቡና ቤት ገብተን፥ ስለ ዘመን አቀያየሩና ስለ ሥዕሉ አነሣስ ሊቅ ሊቅ የሚሸት ክርክር ገጠምን። አንደኛው ወዳጃችን «ይህ የሚያስለቅስ ሜሎድራማ ነው፤ ተመልካችን የሚያስለቅስ ፊልም ከማሰብ ያግደዋል» ሲል ፈረደ። እኛም አናንስም ብለን፥ የዓለም ሕዝብ ስለ ጦርነት የሚያስታውሳቸው ፊልሞች የሚያስለቅሱት ናቸው ብለን መለስንለት። በ1942 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የወጣውን የአሜሪካኖቹን «ካዛብላንካ»ን ጠቀስን፤ በ1958 እ.ኤ.አ. በካን ታላቁን ሽልማት ያገኘውን፥ ስሙ ተሰደው ስለሚበርሩ ወፎች የሚናገረውን የሶቭየቶቹን ፊልም ጠቀስን። በዚህኛው ፊልም ቬሮኒካ የምትባለዋ ልጃገረድ፥ ወደ ጦር ሜዳ የሄደ ወዳጅዋን በባቡር ጣቢያ አበባ ይዛ ስትጠብቅ፥ መሞቱን ከጓደኛው አፍ ትሰማለች፤ ከዚያም አበባዋን ለማታውቃቸው ተመላሽ ወታደሮች ታድላለች። ክርክሩን ያሸነፍን መሰለን። ቡናችንን ጠጥተን ተለያየን፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ለብዙ ጊዜ ያልታሰበን ነገር ቢኖር ፊልሙ አዳራሹን ለቅቆ ወደ ቤት ሊሄድ መቻሉ ነው። ቪኤችኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዲቪዲው ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1996 በዚያው በጃፓን ተከተለ። ወደ ሰሜን ጎንደር የደረሱት ግን ቀስ ብለው ነው። በወጣትነታችን በደባርቅ «ቪዲዮ ቤት» የሚባለውን እናውቅ ነበር፤ ረዣዥም አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፥ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፥ የፊልሙ ስም በደጁ በጠመኔ የሚጻፍበት አንድ ክፍል ቤት ነው። ሴት አይገባበትም፤ አሮጊት ከቶ አትታሰብም። ይልቁንም አክስታችን «እዚያ ሰይጣን ቤት ገባህ እንዴ?» ብለው የገሠጹን አንድ ቀን ትዝ ይለናል፤ ከአዲስ አበባ ሰዎች ተማክረው እንዳልሆነ እናውቃለን።

ስለ «ጤዛ» ሲዲ የምንናዘዘው ነገር አለን። በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ ድብ ባሕር ይዘነው የሄድነው ሲዲ ከአዟሪ የተገዛ ቅጅ ነበር፤ ስሙ በእጅ የተጻፈበት፥ ሥዕል የሌለው። የቅጅና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ ከወጣ በ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት እንዳለፈ እያወቅን፥ ተማሪዎቻችንንም «የሰው ድካም አትስረቁ» እያልን የምናስተምር ሰዎች ይህን ማድረጋችን አያኮራንም። ይልቁንም ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. «ሳንኮፋ»ን ሠርተው አከፋፋይ በከለከላቸው ጊዜ፥ አዳራሽ በራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ፊልማቸውን ያሳዩ ሰው ናቸው። የዚህን ሰው ሥራ በጥቂት ብር ከመንገድ ላይ ማንሣት ኃጢአቱን እጥፍ ያደርገዋል። ይህን ካልን በኋላ ወደ ነገራችን እንመለስ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ማታ፥ በአክስታችን ቤት ቡና እየተፈላ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የልጅ ልጆቻቸው ከጎንደር ያመጡላቸው ዴክ አለ። የጎረቤት ልጆች ፊልም ሊታይ ነው ሲባል ሰምተው በሩን ሞልተውታል። አክስታችን መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኛ እንደ አገሩ ልማድ «እትዬ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ እሳቸውም ጠጉራችን ሸብቶ እንኳ «አንተ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሣቅና ጨዋታ ነበር። አንበርብር በምርኩዝ ሲሄድ ቆይቶ ወዲያው በሁለት እግሩ ሲሮጥ ባዩ ጊዜ፥ «ይህ ሰው እግሩ ተቆርጦ አልነበረም እንዴ? አሁን ከየት አምጥቶ ይሮጣል?» አሉ።

«ያለፈውን እያሰበ ነው፥ እትዬ» አልናቸው።

«እንግዲያማ እንደኔ ነው» አሉና እንዝርታቸውን አሾሩት።

ተማሪዎቹ በጀርመን አገር በባዕድ ቋንቋ ሲከራከሩ «ምን ይላሉ?» እያሉ ስለ ጠየቁን እየተረጎምን ነገርናቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ሰው አገር ሄደውም የሚጣሉት በዚሁ ነው?» ብለው ተገረሙ። በአዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ብናሰማ ከኋላችን «ዝም በሉ!» ይሉን ነበር። የአንበርብርን እናት ሆነው የሚጫወቱትን ታከለች በየነን አይተው ግን ምንም አልተናገሩም፤ ሴትዮዋ በታዩ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስግጉ ነበር። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ፊልሙ ልጆቹ ወደ ተደበቁበት ዋሻ ገባ።

እንዝርቱ ቆመ። «አቁመው» አሉን።

ሪሞቱን ተጫንን። በሥዕሉ ላይ የአንድ ልጅ ፊት ቀረ፤ ቅጅው ጥሩ ስላልነበረ ፊቱ ይንቀጠቀጣል። «መልሰው» አሉ፤ መለስነው። እስከዚያው ቦታ ሲደርስ እንደ ገና «አቁመው» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ባስመለሱን ጊዜ በበሩ ላይ የነበሩት ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ታላቅየው የሴትዮዋን ፊት አይቶ ሌሎቹን በክርኑ ነካቸው፤ ሁሉም ዝም አሉ። እትዬም «በቃ፥ እዚህ ላይ ተወው። ገና አልወጡም» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ልጃቸው መናገር ግድ ይሆንብናል። ስሙን ግን አናነሣም፤ የሚያነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ወንድ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ እንደ ማንኛውም አገር ሕግ ነው። በገጠር ግን የተወለደበት ቀን በየትም ያልተጻፈ ልጅ ዕድሜው የሚለካው በቁመቱ ነበር፤ ጦርነቱም እየከረረ በሄደ መጠን ኮታውን የሚሞላው ሹም መለኪያውን ዝቅ ያደርገው ጀመር። የአክስታችን ልጅ በ1979 ዓ.ም. ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ ረዥም መሆኑ ግን ጎዳው። እንደ እኩዮቹ ሁሉ ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ውስጥ በአንድ ዋሻ ተደብቆ ሰነበተ። እናቱ ማታ ማታ እንጀራ በቅል ውኃ ጋር ይልኩለት ነበር፤ የሚያደርሰው ሕፃን ስለ ሆነ የማይጠረጠረው፥ ይህን የምንጽፈው እኛ ነበርን። በዚያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበርን፤ ለትምህርት ብለን በእትዬ ቤት እንኖር ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጨውና ጋዝ እንድንገዛ ታዘዝን። መንገዱ ሩቅ፥ ፀሐዩም ብርቱ ነበረ፤ ከጓደኞቻችን ጋር ልንጫወት ቀጠሮ ነበረን። ስለዚህ እግራችንን እሾኽ ወግቶናል ብለን ዋሸን። በዚያ ማለዳ የአክስታችን ልጅ ልብስ ሊቀይር ከዋሻው ወርዶ ነበር፤ ሲያነክስ አይቶን ሣቀና «ተወው፥ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ከረጢቱን ከእጃችን ወሰደ። በገበያው መካከል ከታፈሱት ልጆች አንዱ እሱ ሆነ። እኛን ማንም አይዘንም ነበር፤ ቁመታችን አይደርስም።

ስለዚህ እሾኽ ለማንም ተናግረን አናውቅም። በተማሪ ቤትም፥ በመምህርነታችንም ዘመን፥ ለራሳችን እንኳ በሙሉ ድምፅ አልተናገርነውም። በዚያች ማታ ግን እትዬ ዐይናቸውን ከቆመው ሥዕል ሳያነሡ፥ «ያን ቀን እግርህን እሾኽ አልወጋህም ነበር» አሉን። ምን እንደምንመልስ ጠፋን። «ማታ ስትተኛ ወረንጦዬን ይዤ ፈልጌው ነበር። እንኳን እሾኽ፥ ጭረትም የለበት።» ጥቂት ዝም አሉ። «ልጅ ነበርህ» አሉ። ከዚያም ወደ ቡናው ዞረው «ሦስተኛውን ቅጂልን፤ ቀዘቀዘ» ብለው የልጅ ልጃቸውን አዘዙ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያወቁትን ነገር በእጃቸው ይዘው እንዳሳደጉን፥ እንዳስተማሩን፥ በሠርጋችን ቀንም እንደ ጨፈሩልን ያን ጊዜ ተረዳን።

ልጁ ከሄደ በኋላ አንድ ደብዳቤ ከማሠልጠኛ መጣ፤ ሌላ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። የአገራችን ሰው የሚያለቅሰው መርዶ ሲረዳ ነው፤ ዘመድ ማልዶ ተሰብስቦ መጥቶ ደጅ ሲቆም፥ የሟቹ ልብስ ወጥቶ፥ አልቃሽ ሙሾ አውጥታ፥ ደረት ተደቅቶ ነው ኀዘን ኀዘን የሚሆነው። መርዶ ያልመጣበት ሰው ግን ሞቶ አይለቀስለትም፤ ኖሮ አይጠበቅም ማለትም አይቻልም። እትዬ ጥቁር አልለበሱም፤ የልጁንም ጋቢ በየዓመቱ ለጥምቀት እያጠቡ መልሰው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወድቆ ጦሩ በተበተነ ጊዜ፥ ከሰሜን የሚመጡ ወታደሮች በዚያ መንገድ ሽቅብ ወደ ሊማሊሞ በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ አንዳንዱ ባዶ እግሩን፥ አንዳንዱ በሌላው ትከሻ ተደግፎ። እትዬ ቆሎና ውኃ ይዘው ከማለዳ እስከ ማታ መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። ለእያንዳንዱ ይሰጣሉ፤ የእያንዳንዱንም ፊት ያያሉ። የማንን ክፍለ ጦር እንደሚጠይቁ ስላላወቁ «እንዲህ ያለ ረዥም ልጅ አላያችሁም?» ነበር የሚሉት። በአዲስ አበባ ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ቬሮኒካና ስለ አበባዋ ስንከራከር፥ የራሳችንን ቬሮኒካ ከነቆሎዋ ረስተናት ነበር። ከሁሉም የሚያሳፍረን ይህ ነው። ያችኛዋ መርዶዋን ከወዳጅ አፍ ሰምታለች፤ አክስታችን ግን የመጨረሻው ወታደር ካለፈ በኋላም ቅሉን ይዘው ቆመዋል።

አስቀድመን ፊልምን እያቆሙ ማየት ሥራውን ማዋረድ ነው ባዮች ነበርን፤ ዜማን ከመካከሉ እንደ መቁረጥ ነው እንል ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ማንንም አይጠብቅም፤ ልጆቹ ከዋሻው መውጣታቸው አይቀርም፥ አዳኞቻቸውም መምጣታቸው አይቀርም፤ ተመልካቹ ወደደም ጠላም ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሁሉም ነገር ያልቃል። አዘጋጁም ያሰቡት እንዲሁ እንዲታይ ነው ብለን እንገምታለን። ነገር ግን አንዲት እናት ሪሞት በያዘ ልጅ ላይ ሥልጣን አላት። «ተወው፥ ገና አልወጡም» ስትል ልጆቹ አይወጡም። በዚያች ማታ ፊልሙ አልተጨረሰም። የልጁ ፊት እየተንቀጠቀጠ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ በቴሌቪዥኑ ላይ ቆየ፤ በኋላም መብራት ጠፋ። እትዬ በጨለማ «አሁን ደኅና ነው» ሲሉ ሰማናቸው፤ ስለ ማን እንደ ተናገሩ አልጠየቅንም።

ሲዲውን እዚያው ትተንላቸው ተመለስን። በየጊዜው ያዩት እንደ ነበረ የልጅ ልጃቸው ነግራናለች፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እስከ ዋሻው ድረስ ብቻ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ዛሪማ ሲደርስ የዚያ አገር ሰው ሽቅብ ወደ ደባርቅ ተሰደደ። እትዬም በዚያ ዕድሜያቸው የሊማሊሞን ዳገት በሰው ትከሻ ወጡት። ከቤት ይዘው የወጡት ያንን ጋቢ ነው። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ቴሌቪዥኑም፥ ዴኩም፥ ሲዲውም አልነበሩም። ማን እንደ ወሰዳቸው አልጠየቁም፤ በመሸጋገሪያ መንገድ ላይ ያለ ቤት ነው። ስልክ በተከፈተ ጊዜ ግን ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ከነገሩን በኋላ፥ ሊዘጉ ሲሉ «ያ ሲዲ ሌላ ይገኛል?» ብለው ጠየቁን።

ይህን ጊዜ ከአዟሪ አልገዛንም። በዋሽንግተን የሚኖር ዘመዳችን፥ ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ካቋቋሙት «ሳንኮፋ» ከተባለው የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ዋናውን ዲቪዲ ገዝቶ ላከልን። ከነሽፋኑ ነው። እጃችን ሲገባ የተሰማንን ደስታ ያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጫወቻ አጣን። የዛሬ ኮምፒውተር የሲዲ መክተቻ የለውም፤ በጎንደር ፒያሳ የጠየቅናቸው ነጋዴዎች «ዴክማ ማን ይገዛል?» ብለው ሣቁብን። በመጨረሻ አንድ የኮምፒውተር ቤት ልጅ አሮጌ መሣሪያ ፈልጎ በፍላሽ ቀዳልን። ዋናውን ገዝቶ ለራስ ቤት መቅዳት አሁንም ሕግ የጣሰ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድብን።

ባለፈው የገና ሰሞን ፍላሹን ይዘን ወረድን። ቤቱ ተጠግኗል፤ አዲስ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ዳንቴሉ ብቻ አሮጌው ነው፥ ከየት እንደ ተገኘ እንጃ። ሥዕሉ በጣም የጠራ ሆኖ መጣ፤ በመጀመሪያው ቅጅ ያላየናቸውን የሣር ቅጠሎች፥ በማለዳም በላያቸው ያለውን ጤዛ አየን። የጎረቤት ልጆች ያደጉት ጢም አብቅለው መጡ፤ ሌሎች ትንንሾች በሩን ሞሉት። እትዬ በማጀት ውስጥ እንጀራ ይጋግሩ ነበር፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ ምጣዱን በእጃቸው ሙቀት ነው የሚያውቁት። «እትዬ፥ ልንጀምር ነው፤ ይምጡ እንጂ» ብለን ጠራናቸው።

«ጀምሩት እናንተ» አሉን ከጭሱ ውስጥ። «ዋሻው ዘንድ ሲደርስ አቁመህ ጥራኝ።»

ሪሞቱን በእጃችን ይዘን መደቡ ላይ ተቀመጥን።